ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሣ፦ መጀመሪያ ወደ ጎን

ሌላ ቦታ እሳት ሲነሣ ምክሩ አጭር ነው። ውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ አትመለሱ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ይህ ብቻውን አይሠራም። አንዱን የሚያስተነፍሰው ማሽን ነው። የሌላው ደም ግፊት የቆመው በፓምፕ በሚገባ መድኃኒት ነው። "ውጡ!" ብትሉ የሚሰማችሁ ጥቂት ነው። የሰማውም ከአልጋው አይነሣም።

እዚህ የሚያዋጣው ሌላ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ካልሆነ ወደ ታች፣ የግድ ሲሆን ወደ ውጭ። ወደ ጎን ማለት በዚያው ፎቅ ላይ፣ ጭስ የማያሳልፍ ግድግዳና የሚዘጋ በር ተሻግሮ ማለት ነው። አልጋው በሩን አልፎ በሩ ከኋላው ከተዘጋ፣ ቀጥሎ ያለውን ለማሰብ ጊዜ ይገኛል። በአምቡ ባግ (በእጅ እየጨመቁ የሚያስተነፍሱበት ከረጢት) የሚተነፍስ ሰው ይዞ ደረጃ ላይ መጣደፍ ግን ራሱ ሌላ አደጋ ነው።

ይህን የጻፍኩት ባሕር ዳር ውስጥ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ለሚሠሩ ነው። ፈለገ ሕይወት ይሁን ጥበበ ጊዮን ወይም የግል ሆስፒታል፣ ለውጥ የለውም። ነርስና ሐኪም ብቻ ሳይሆን ራነር (ተላላኪ)፣ ጽዳት፣ ጥበቃና ባዮሜዲካልም (የሕክምና ማሽን ጠጋኙም) ያንብበው። አስታማሚም ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታያላችሁ።

እሳቱ ከየት ይነሣል?

ከኦክስጅን እንጀምር። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ነው የሚያነደው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ይህ ቁጥር 23 በመቶን ካለፈ ነገሩ ይለወጣል። አንሶላ፣ ፀጉር፣ የማስክ ፕላስቲክ በትንሽ ብልጭታ ይያያዛሉ፤ ቃጠሎውም ፈጣንና ኃይለኛ ይሆናል። ማስኩ ወልቆ ትራስ ላይ ተጥሎ፣ ፍሎውሜትሩ (የኦክስጅን ፍሰት መቆጣጠሪያው) ግን አሁንም በደቂቃ 10 ሊትር ላይ ሲፈስ ሳታዩ አልቀራችሁም። ያ ጋዝ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከተዘጋ በኋላም ጨርቁ ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ማስክ ሲወልቅ ፍሎውሜትሩም ይዘጋ። በዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ በሚመታው ማሽን) ሾክ ሲሰጥ ደግሞ የወለቀው ማስክ ከበሽተኛው ደረት ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

ቀጥሎ መብራት። ባሕር ዳር ላይ መብራት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። ይበልጥ የሚያሠጋው ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣና ከጄኔሬተር ሲቀያየር ነው። ያኔ ቮልቴጁ ይዘላል፣ የላላ ሶኬት ይግላል። ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል፤ እሱ ላይ ሞኒተርና ቬንቲሌተር (የሚያስተነፍሰው ማሽን)፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የተረኛው ሻይ ማፍያ። ማፍያው ብቻውን 1500 ዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል። የሌሊት ተረኛ ያለ ሻይ እንደማይነጋለት አውቃለሁ። ማፍያው ግን ከክፍሉ ውጭ፣ የራሱ የግድግዳ ሶኬት ላይ ይሁን። በየፈረቃው የፕላጎቹን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ነካ ነካ አድርጉ። የሞቀ፣ የጠቆረ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ካለ ማሽኑን ወደ ሌላ ሶኬት አዙሩና ባዮሜዲካል ጥሩ። ኤሲውም አይረሳ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሕንድ ቪራር ከተማ አንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተቃጥሎ ከ10 በላይ በሽተኞች ሞተዋል። እሳቱ ከኤሲው እንደተነሣ ነው የተነገረው።

ሦስተኛው ከቤተሰብ ጋር ይገባል። ከጣና ገዳማት ጠበል ይዞ የመጣ ልጅ፣ ጧፍ አብርታ የምትጸልይ እናት፣ የአባቷን ራስ ቅቤ የምትቀባ ሴት። ጸሎቱ ይቀጥል። ጧፉና ዕጣኑ ግን ከክፍሉ ውጭ ይሁኑ። የጠበሉ ጠርሙስ በደንብ ይከደን፣ ከማሽንና ከዲቫይደር በላይ አይቀመጥ። ቅቤና ቫዝሊን ኦክስጅን ከሚወስድ ሰው ፊትና ራስ ይራቅ። ከንፈሩ ከደረቀ ቅባት የሌለው ጄል ወይም በውኃ የራሰ ጎዝ ይበቃል። ቅባት የነካ እጅ ደግሞ የሲሊንደር ቫልቭና ሪጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) ፈጽሞ አይንካ። ቅባትና ግፊት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ክብሪት ሳያስፈልግ ሊነድ ይችላል። ይህን ስትነግሩ በቁጣ አይሁን። "እናቴ፣ እዚህ ያለው አየር እሳት ቶሎ ያያይዛል፤ ጧፉን ደጅ ያብሩልኝ" ሲባል የሚቀየም ሰው ብዙ የለም።

ከእሳቱ በፊት

ባዶ አልጋ እየገፋችሁ ሄዳችሁ እዩት። የግሉኮስ መስቀያው ይኑርበት፣ አንድ ሰው ከራስጌ አምቡ ባግ እየጨመቀ ይሂድ። ከአይሲዩ እስከ ቀጣዩ ክፍል ድረስ። አልጋው በበሩ ያልፋል? ኮሪደሩ ላይ የተሰበረ ወንበርና ካርቶን ተደርድሯል? በሩ እንዳይዘጋ በድንጋይ ወይም በባዶ ሲሊንደር ተደግፏል? ከዚያ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። የሕንፃ ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ሶሌታው (ከላይ ያለው ኮንክሪት) ይደርሳል? ካልደረሰ በሩን ብትዘጉም ጭሱ በላይ ይሻገራል። ያኔ "ወደ ጎን" የምትሉት ቦታ ሌላ መሆን አለበት።

ጭስን አትናቁ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. በሕንድ ኮልካታ አንድ ሆስፒታል ውስጥ እሳቱ የተነሣው ምድር ቤት ነበር። ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ላይ ፎቅ ድረስ የወጣው ጭስ እንጂ ነበልባሉ አልነበረም።

የተቆለፈ መውጫ ለብቻው ይነሣ። ሌባ ተፈርቶ በሰንሰለት የታሰረ በር አለ። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፤ ጥበቃው እራት ሄዷል። እዚህ ላይ መደራደር የለም። ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ ግፊት የማይከፈት በር መውጫ ሊባል አይገባም። የሚሰረቅ ዕቃ ካለ ሌላ ቦታ ይቆለፍበት።

የኦክስጅን መስመር መዝጊያ ቫልቭ የት እንዳለ ጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር ትወቅ። ሳጥኑ ላይ የትኞቹን አልጋዎች እንደሚዘጋ በትልቁ በአማርኛ ይጻፍ። መዝጋት ግን የተረኛዋ ኃላፊ ነርስ ትእዛዝ ነው። ደንግጦ ቀድሞ የዘጋ ሰው እሳቱ ያልደረሰበትን በሽተኛ ሊገድል ይችላል።

ትርፍ ሲሊንደር ክፍሉ ውስጥ አይከማች። ያለውም ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባግዳድ ውስጥ በኢብን አል-ኻቲብ ሆስፒታል የኮቪድ ሕሙማን ባሉበት የኦክስጅን ሲሊንደር ፈንድቶ በተነሣው እሳት ከ80 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ውስጥ ዘመዳቸውን ያስታምሙ የነበሩም አሉበት።

ለማጓጓዣ የሚሆነው ሲሊንደር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ቀድማችሁ አስሉት። ሲሊንደሩ በውኃ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ላዩ ላይ ተጽፏል። ያን ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያሳየው ባር አባዙት፣ በደቂቃ በሚፈሰው ሊትር አካፍሉት። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ካሳየ 1000 ሊትር ጋዝ አለው። በደቂቃ 10 ሊትር ከፈሰሰ 100 ደቂቃ ይሄዳል። ጌጁ 30 ባር ከሆነ ግን ያለችሁ ግማሽ ሰዓት ናት፤ እሷም እስከ ባዶው ተጠጥታ። ሒሳቡን በትንሽ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ሲሊንደሩ ላይ ለጥፉት። ጭስ ውስጥ ሆኖ ማባዛት የሚሆንለት የለም።

አምቡ ባግ በየአልጋው ራስጌ ይሰቀል። አንዱን ለስድስት አልጋ ማዞር እሳት ቀን አይሆንም። መብራትም ኦክስጅንም ሳይኖር በተራ አየር የሚሠራ ዕቃ ነው። ይህን የማያውቁ ሠራተኞች አሉ፤ ሲሊንደር እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አትጠብቁ።

እሳት ማጥፊያ ላይ ብዙ አልቆይም። ለኤሌክትሪክ ማሽን የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይሻላል፤ አፉ እንደ ጥሩምባ ሰፊ የሆነው ነው። ጥሩምባውን በእጅ አትያዙት፣ በብርዱ ቆዳ ይጎዳል። ጌጅ ስለሌለው መሙላቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ዱቄቱም ያጠፋል፤ ግን ክፍሉን ያቆሽሻል፣ ሳንባን ያስቸግራል። ሁለቱም ከግማሽ ደቂቃ በታች ያልቃሉ። ፒኑን ሳቡ፣ ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ፣ ጨምቁ፣ ግራና ቀኝ ጥረጉ።

ሁለት ነገር ከግቢው። የሆስፒታሉ በር ላይ ባጃጅ ተኮልኩሎ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ይጠፋል። 4 ሜትር ያህል ስፋት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ይህ የጥበቃው ሥራ ነው። የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለጥፎ መተው አይበቃም፣ ደውላችሁ እንደሚነሣ አረጋግጡ።

ርክክብ ላይ

በየፈረቃው ርክክብ ላይ እያንዳንዱ በሽተኛ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ይባል። ሀ ተደግፎ የሚራመድ። ለ በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በኦክስጅን ሲሊንደር የሚሄድ። ሐ በማሽን የሚተነፍስ ወይም ደም ግፊቱ በመድኃኒት የተያዘ። ፊደሉ አልጋው ግርጌ ላይ ይጻፍ። የበሽተኛው ሁኔታ ሲቀየር ፊደሉም ይቀየራል። ዛሬ እሳት ቢነሣ ማን ያዛል፣ ማን ቫልቭ ይዘጋል፣ ማን ይደውላል የሚለውም በስም ይባል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እሳት ሲነሣ

ያየው ሰው ቦታውን ጠርቶ ይጩህ፦ "እሳት፣ አልጋ አራት!" አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ተብሎ የምሥጢር ቃል ይወጣል። እኔ አልደግፈውም። ሌሊት ላይ ያን ቃል የሚያስታውሰው ያወጣው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ አራት ነገር በተከታታይ ነው። ለእሳቱ የቀረበውን በሽተኛ አውጡ። ጥሩ፣ ደውሉ። በርና መስኮት ዝጉ። ከተቻለ አጥፉ። ሰው ከበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ደዋዩ ሆስፒታሉን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ ሲሊንደር የት እንዳለና በየትኛው በር እንደሚገባ ይናገር። እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ከበለጠ ወይም መውጫው ከኋላችሁ ካልሆነ ለማጥፋት አትታገሉ።

እሳቱ በሽተኛው ላይ ከሆነ መጀመሪያ ፍሎውሜትሩን ዝጉ፣ ማስኩን ወይም የአፍንጫውን ቱቦ አውልቁ። ኦክስጅኑ ሳይዘጋ ብርድ ልብስ መጣል እሳቱን መመገብ ነው። ከዚያ በእርጥብ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አፍኑ። ከጠፋ በኋላ የተቃጠለውን ልብስ አንሱ፣ በውኃ አቀዝቅዙ፣ ከቦታው ካራቃችሁት በኋላ ኦክስጅኑን መልሱለት።

ማን ይቅደም? ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ለእሳቱ የቀረበ ይቀድማል፣ በዚህ ክርክር የለም። ከዚያ በኋላ ጊዜና ሰው ካነሰ ሀ ይወጣል፣ ለ ይከተላል፣ ሐ መጨረሻ ነው። ከሁሉም የታመመውን ኋላ መተው የሐኪምን ልብ ይቃወማል። ከትምህርታችን ሁሉ ተቃራኒ ነው። ግን በማሽን ያለ አንድ ሰው ለመውሰድ ሦስት አራት ሰው ይፈልጋል። እነዚያ ሰዎች እሱን እስኪያደርሱ ድረስ ብዙ ሀ እና ለ ጭስ ውስጥ ይቆያሉ። ሰው ከበቃ ግን ሐን ጎን ለጎን ጀምሩ። ይህ ቅደም ተከተል ቀድሞ በአስተዳደሩ ተጽፎ ይፈረምበት። ሌሊት ብቻዋን የተገኘች ሲስተር ይህን ፍርድ በራሷ ጫንቃ መሸከም የለባትም።

በማሽን የሚተነፍሰውን ማንቀሳቀስ

1. አንድ ሰው ራስጌ ይቁም። ቱቦውንና አምቡ ባጉን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም። አዛዡም እሱ ነው፤ "ሂዱ" ሲል ይኬዳል፣ "ቁሙ" ሲል ይቆማል።

2. ቱቦው ጥርስ ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ እዩ፣ ፕላስተሩን አጥብቁ።

3. ከቬንቲሌተሩ ነቅላችሁ አምቡ ባግ ግጠሙ። ለአዋቂ በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ጨምቁ። ደንግጦ ቶሎ ቶሎ መጨመቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ደም ግፊት ይጥላል። ደረቱ ከፍ ማለቱን እያያችሁ ሂዱ።

4. ደም ግፊት የሚይዘውን መድኃኒት ብቻ በባትሪ በሚሠራ ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሌላውን መስመር ዝጉና አላቁ።

5. የደረት ቱቦ ካለ አትቆልፉት። ጠርሙሱ ከደረት በታች ይሁን። የሽንት ከረጢቱን አጉድሉና እግሮቹ መካከል አስቀምጡ።

6. ካርዱን ፍለጋ አትመለሱ። ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩንና የሚሄድለትን መድኃኒት በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ደረቱ ላይ ለጥፉ።

7. የመጨረሻው በሽተኛ ከመስመሩ ሲላቀቅ የኦክስጅኑ ቫልቭ ይዘጋ፣ በሩም ይዘጋ። በሩ ሥር እርጥብ አንሶላ ይጠቅጠቅ።

አልጋ የማያልፍበት ቦታ ከሆነ በሽተኛውን በፍራሹ ወይም በጋቢ መሬት ላይ ጎትቱት። ሜዳ ላይ ራሱ ይቅደም። ደረጃ ሲወርድ እግሩ ይቅደም፣ ሁለት ሰው ከራስጌ፣ ሁለት ከግርጌ። ሊፍት አይነካም።

የአስታማሚው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ዕቅድ አስታማሚን እንደ እንቅፋት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ከገጠር በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ወሳንሳ ተሸክሞ ያውቃል። አራት ሆኖ ጫፍ ይዞ፣ እርምጃ አስተካክሎ፣ ትከሻ ቀያይሮ መሄድ ለእሱ አዲስ አይደለም። እኛ ግን በዚያች ሰዓት "ውጡ፣ ውጡ!" ብለን እናባርረዋለን። ይልቅ በበሽተኛው መግቢያ ቀን ንገሩት፦ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የእርስዎ ቦታ ይህ ጫፍ ነው። እኔ ሂዱ ስል ይሄዳሉ።" ሥራ የተሰጠው ሰው አይበረግግም። በአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ይበቃል፣ ሌላው ግን ደጅ ይጠብቅ።

ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል አሠራሩ ይለያል። ኢንኩቤተር እየገፉ መሮጥ አያስፈልግም። መተንፈስ የሚችለውን ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ አስራችሁ አውጡ፤ ካንጋሩ የሚባለውን ይህን አያያዝ የለመዱ እናቶች ያውቁታል። እናት ከሌለች ሰፊ ኪስ ያለው ሽርጥ ሁለት ሦስት ሕፃን ይይዛል፤ ይህን ከተማው ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይሰፋዋል። የእጅ መለያቸው ሳይታይ ማንም አይውጣ።

ወደ ውጭ መውጣት ግድ ከሆነ

መሰብሰቢያው ጣሪያ ያለው ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ዝናብ ውስጥ በማሽን የነበረ ሰው ማስተኛት አይታሰብም። ነፋሱንም አስቡ። ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለት መሰብሰቢያ ምረጡ፣ አንዱ በሐይቁ በኩል፣ ሌላው በተቃራኒው። ግራ ከገባችሁ የዘንባባው ቅጠል ወዴት እንደሚያዘነብል እዩ፤ ጭሱም ወደዚያ ነው የሚሄደው።

እዚያ ሲደረስ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። በሽተኛ፣ ሠራተኛ፣ አስታማሚ፣ ሦስቱም በስም። የጎደለ ካለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይነገር፣ ማንም ራሱ አይመለስ። የትኛው ሆስፒታል ስንት የቬንቲሌተር በሽተኛ እንደሚቀበል ደግሞ ቀድሞ በሆስፒታሎቹ መካከል በጽሑፍ ያለቀ ይሁን። በዚያ ሰዓት ስልክ ደውሎ መለማመጥ አያዋጣም።

ልምምዱ

በእውነተኛ በሽተኛ አትለማመዱ። ከሠራተኞቹ ከበድ ያለውን አስተኙት፤ ቀልዱም ትምህርቱም እዚያ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት፣ ቀጥሎ በአንድ አልጋ፣ ከዚያ በሦስት። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው የተደናቀፈበትን ሁሉ ይጻፍ። የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ላይ ሰው በሞላበት ሰዓት ይሁን። ሁለተኛውን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ በዚያች ሰዓት ባለው ሰው ብቻ፣ ማንንም ከቤቱ ሳትጠሩ።